ልጅ ዝም ሲል ፍሩ!

ሰሞኑን ከዚህ ገጽ የጠፋሁት ከአዘጋጁ ጋር ተጣልቼ አይደለም፤ አሜሪካ ነበርኩ። ምነው ሳቃችሁ? ቪዛ የሚመታው ለዲግሪ ባለቤት ብቻ ነው ያላችሁ ማነው? እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቀረሁት ልጅ፣ ላስ ቬጋስ እህቴ ዘንድ ሄጄ፣ ሁለት ልጆቿን ስጠብቅ ከርሜ፣ በመጨረሻም በረሃ ለበረሃ ስንከራተት ቆይቼ መጥቻለሁ።

ላስ ቬጋስ ሲባል እናንተም እንደኔ ትዝ የሚላችሁ መብራቱና ቁማሩ ነው። ከተማዋ ግን ሞሃቪ በሚባል በረሃ መሃል የተተከለች ናት። ከመብራቱ ወጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ከነዳችሁ ድንጋይ፣ እሾህና ዝምታ ነው። የኛ ሰው ደግሞ በሽ ነው፤ ታክሲው ላይ አበሻ፣ ካዚኖው ውስጥ አበሻ፣ እንጀራው በየሱቁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2023 የአካባቢው አስተዳደር አንዱን ሰፈር "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። (ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ሰዓቱ ግን የኛው ነው።)

የእህቴ ባል ታክሲ ነጂ ነው። ማታ ይወጣል፣ ሲነጋ ይገባል፣ ቀን ይተኛል። የስድስት ዓመቱ ወንድ ልጁ አባቱን የሚያውቀው በማንኮራፋቱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሴቷ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እሷ ጭራሽ "አባዬ ተኝቷል፣ እሽሽ!" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከሁሉ አስቀድማ የለመደች ናት። እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ጋሼ (የእህቴን ባል የምጠራው እንደዚያ ነው) በድንገት ተነስቶ "ልጆቼን ተራራ አሳያቸዋለሁ" አለ።

"የት?" አለች እህቴ።

"ዴዝ ቫሊ።"

የሞት ሸለቆ ማለት ነው! ከቬጋስ የሁለት ሰዓት መንገድ ያህል ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ። በ1913 ሐምሌ ወር 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቶበት እስከ ዛሬ የዓለም የአየር ሙቀት ክብረ ወሰን ሆኖ የተመዘገበው እዚያ ነው። ከባሕር ወለል 86 ሜትር ዝቅ ይላል። "እኛ ዳሎል ያለን ሰዎች በሙቀት አንታማም!" ብዬ ለመፎከር ሞክሬ ነበር፤ የዳሎል ሜዳ ከዚያም ዝቅ ይላልና። እህቴ ግን በዓይኗ ገላምጣኝ ዝም አልኩ። ክርክሩ ሲያበቃ ቫሊ ኦፍ ፋየር፣ የእሳት ሸለቆ፣ የሚባለው ተመረጠ። ከቬጋስ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞት እሳት ይሻላል ብለን ነው መሰለኝ።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ልንወጣ ተስማማን። ጋሼ ከሥራ የገባው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። "አንድ አፍታ ጋደም ልበል" አለ። የታክሲ ነጂ አንድ አፍታ ስንት እንደሆነች ታውቃላችሁ? ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነቃ። ፓርኩ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ እኛ ግን አላወቅንም። አየሩ ደስ ይላል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ሙቀቱ ወደ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ቢሆን ነው። ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ማንን ይገድላል? ድሬዳዋ ያደገ ሰው በዚህ ሙቀት ሹራብ ይደርባል!

ቦታው ግን... ጉድ ነው። ድንጋዩ እንደ በርበሬ ቀይ፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ሮዝና ነጭ እየተዘበራረቀ የሐር ጨርቅ የመሰለ። ይኼ ድንጋይ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን የአሸዋ ክምር ነበር አሉ፤ ከዚያ ጠጥሮ ቀረ። የጥንት ሰዎች ደግሞ ግድግዳው ላይ ፍየል፣ ፀሐይና ጠመዝማዛ መስመር ቀርጸውበታል። ልጁ "ጂቱ ናቸው የጻፉት?" ብሎ ጠየቀ። ምን እላለሁ? "ያኔ ቲቪ ስላልነበራቸው ነው" አልኩት። ቀንዱ የተጠማዘዘ የበረሃ በግ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲያየንም ዋልያ ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ።

የመረጥነው የእግር መንገድ "ፋየር ዌቭ" ይባላል፤ የእሳት ማዕበል። ደርሶ መልሱ 2.4 ኪሎ ሜትር ናት። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ደርሶ መመለስ በሉት፣ ያውም እሷ ካከለች። "ይቺን እኮ ለምሳ መፈጨት ነው የምንሄዳት" አለ ጋሼ። ለአምስት ሰው አራት ግማሽ ሊትር ውሃ ያዝን። ትንሿን ጋሼ በጀርባው አዘላት፤ አንቀልባ እንዳይመስላችሁ፣ ብረት ያለውና ወንበር የመሰለ የፈረንጅ ማዘያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። በኛ አገር አንቀልባ ልጁ እናቱ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ቢሞቀው ቢበርደው ቆዳዋ ይነግራታል። ያ የብረት ማዘያ ግን ልጅቷን ከፍ አድርጎ ለፀሐይ ይሰጣታል፤ ተሸካሚው አያያትም። ስለዚህ ከኋላ የሚሄድ ሰው ሥራው እሷን ማየት ብቻ መሆን አለበት። ያን ቀን ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ፎቶ እያነሳሁ ነበር። ዕዳዬን ልናዘዝ ብዬ ነው።

መንገዱ ሲሄዱ ቁልቁል ነው። ቁልቁል ደግሞ ሁሉንም ጀግና ያደርጋል። ልጁ እየዘለለ ነው የወረደው። ማዕበል የመሰለው ድንጋይ ላይ ስንደርስ ተንሸራተቱ፣ ተሯሯጡ፣ ተንከባለሉ፣ አንድ ሰዓት አለፈ። ጋሼ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥርሱን ዓይቼው አላውቅም ነበር። ዛፍ የለም፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ውሃው ግማሽ በላይ አለቀ። "አሁን እንመለስ" አለች እህቴ።

ሲመለሱ ዳገት ነው፤ ያውም አሸዋ። አንድ እርምጃ ወጥተህ ግማሹን ትመለሳለህ። ልጁ "አይም ታየርድ" ማለት ጀመረ። እንደገና "አይም ታየርድ"። ነጭናጫ ሆነ፣ ተቀመጠ፣ ጋሼ ገሰጸው፣ ተነሳ። "ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ? እኔ ባንተ ዕድሜ ከብት ስጠብቅ እውል ነበር" አለው። ከዚያ ልጁ ዝም አለ። ጋሼ ደስ አለውና ወደ እህቴ ዞሮ፦

"አየሽ? ለመደ!" አላት።

እህቴ ግን እናት ናት። ቀደም ብላ ፊቱን አየችው። ቀልቷል። ዓይኑ ፈዟል። ውሃ ስትሰጠው እጁን አወዛወዘ። "ራሴን አመመኝ" አለና አሸዋው ላይ ተቀምጦ አስመለሰው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክርክር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ጋሼ "ስጪኝ ልሸከመው፣ ሮጠን መኪናው ጋ እንድረስ፣ ኤሲ አለ!" ይላል። እህቴ "ትንሿንም እሱንም ተሸክመህ ዳገት ትሮጣለህ? አንተ ስትወድቅ እኔ ማንን ላንሳ? ጥላ ፈልግ!" ትላለች። ስልክ አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። (ብዙው የበረሃ ፓርክ እንደዚያ ነው፤ ቲክቶክ ላይ ለጥፋችሁ መኩራራት ቀርቶ አምቡላንስ መጥራትም አይቻልም።) በመጨረሻ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር የጠረጴዛ ስፋት የምታህል ጥላ ተገኘች። እህቴ ልጁን አስተኝታ ልብሱን አወለቀች፣ አንገቷ ላይ የነበረውን ነጠላ በቀረችው ውሃ ነክራ ጣል አደረገችበት፣ እኔ በባርኔጣ አራገብኩ። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል።

እግዜር ሲረዳ ሁለት አሮጊትና ሽማግሌ ፈረንጆች ደረሱ። እያንዳንዳቸው የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ስንት ሊትር ውሃ እንደነበራቸው! ሁለት ሊትር ሰጡን፣ ጨው ያለው ብስኩትም ጨመሩ። ልጁ በማንኪያ ያህል እያለ ቀመሰ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቀና አለና በሙሉ ድምፁ "ቤት እንሂድ! ይኼ ቦታ አይወደድም!" ብሎ ማልቀስ ጀመረ። እህቴም አብራው አለቀሰች። በልጇ ለቅሶ ደስ ብሏት የምታለቅስ እናት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ኋላ የፓርኩን ጠባቂ ስናናግር የነገረችን ይህንኑ ነው። የሚነጫነጭ ልጅ ጉልበት አለው፤ የሚያስፈራው ነጭናጫው ድንገት ዝም ሲል ነው። ልጅ አዋቂ እንደሚሞቀው ብቻ አይደለም የሚሞቀው። ከክብደቱ አንጻር ቆዳው ሰፊ ስለሆነ ግለቱን ቶሎ ይስባል፣ ላቡም እንደኛ አይደለም፣ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ከጋለው መሬት ጋር ተጠጋግቶ ነው የሚሄደው። ደግሞ ጨዋታ ላይ ካለ ውሃ አይጠይቅም። ሌላው አታላይ ነገር ደረቁ አየር ነው፤ ላቡ ገና ብቅ ሲል ይተናል፣ እናንተ "አላላበኝም እኮ" ትላላችሁ፣ ውስጣችሁ ግን እየደረቀ ነው። ልጁ ሽንቱን ካልሸና ብዙ ሰዓት ከሆነው፣ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው ጉዞው አበቃ፤ ጥላ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ማራገብ፣ በትንሽ በትንሹ ውሃ። መዘባረቅ ከጀመረ ወይም ካልነቃ ግን ያ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ እያቀዘቀዙት ሰው ልኮ 911 ማስጠራት እንጂ ማመንታት የለም።

ያን ማታ ቤት ገብተን ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ጋሼ ሥራ አልወጣም። ስልኩ ላይ ሲያነብ ቆየና አንድ ታሪክ ነገረን። በ2015 ነሐሴ ወር ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ዋይት ሳንድስ የሚባል እንደ ዱቄት የነጣ የአሸዋ አገር አለ። አንድ የፈረንሳይ ባልና ሚስት የ9 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ለእግር ጉዞ ገቡ። መንገዱ ዙሪያውን ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሞላ ነው። ሙቀቱ 38 ዲግሪ አካባቢ። የያዙት ውሃ ሁለት ጠርሙስ፣ እያንዳንዱ ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ። እናትየው አመማትና ተመለሰች፣ መኪናው ጋ ሳትደርስ ወደቀች። አባትና ልጅ ቀጠሉ። አባትየውም ሞተ። ልጁ ግን ተረፈ። የአካባቢው ሸሪፍ እንዳለው ወላጆቹ አንዴ ሲጎነጩ ልጁን ሁለቴ ያጎነጩት ነበር፤ ልጁ በቁመቱም ትንሽ ስለሆነ ያቺ ውሃ በቃችው።

ጋሼ ይህን ተናግሮ ዝም አለ። እህቴም ምንም አላለችም። "አየህ!" ልትለው ትችል ነበር እኮ። አላለችም። ትዳር ውስጥ ያልኖርኩ ብሆንም ይህቺን ዝምታ ግን አደንቅኳት።

ሁሉም እንደኛ ዕድለኛ አይደለም። በ2024 ሐምሌ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ተራራ ሲወጣ ሙቀት ገድሎታል። ፊኒክስ ያለችበት አውራጃ በ2023 ብቻ 645 ሰው በሙቀት ምክንያት እንደሞተ ተመዝግቧል። ዛሬ ከተማዋ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ አንዳንዶቹን የተራራ መንገዶች በቀኑ ሞቃታማ ሰዓታት ትዘጋቸዋለች።

እና እዚህ ላይ "በቃ ሶፋ ላይ ተቀመጡ" ብዬ የምጨርስ መስሏችሁ ይሆናል። አይደለም! ጋሼ ሦስት ሳምንት ያህል አኩርፎ ቆየና አንድ ቀን "ግራንድ ካንየን" አለ። እህቴ ቡና እያፈላች ነበር። ጀበናውን ሳታነሳ "ሰዓቱን እኔ ነኝ የምወስነው" አለች። "እሺ።" "ውሃውንም።" "እሺ።" "ተመለሱ ካልኩ..." "እሺ አልኩ እኮ!"

ከቬጋስ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አሪዞና። ማታ ገብተን አደርን፣ ጎህ ሲቀድ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበርን። የአፋፉ ከፍታ 2100 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአዲስ አበባ እንኳ ዝቅ ይላል። ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ልጆቹ ጃኬት ለብሰዋል። ወደ ታች ስታዩ ግን ጥልቀቱ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 446 ኪሎ ሜትር። ኮሎራዶ ወንዝ ታች እንደ ክር ናት።

በጎጃም መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጎሃ ጽዮን ላይ ሹራብ ለብሳችሁ ተሳፍራችሁ አባይ ድልድይ ስትደርሱ መስኮት ክፈቱ የምትሉት ነገር። ካንየኑም እንደዚያው ነው፤ በወረዳችሁ ቁጥር ይሞቃል። ልዩነቱ እኛ አውቶቡስ ውስጥ ነን፣ እዚያ ግን በእግር ነው። ተራራ ሲሆን መጀመሪያ ትደክማለህ፣ ሲደክምህ ትመለሳለህ፣ መመለሱ ቁልቁል ነው። ገደል ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ጉልበት እያለህ ትወርዳለህ፣ ጉልበትህ ሲያልቅ ዳገቱ ይጀምራል፣ ያውም ፀሐይ ከወጣ በኋላ። ለመውጣት የሚፈጀው ጊዜ የመውረጃውን እጥፍ ነው ይላሉ ጠባቂዎቹ። እህቴ ይህን ሰምታ ሒሳቧን ሠራች፦ ከያዝነው ውሃ ሢሶው ሲያልቅ ዞር ማለት ነው፤ ግማሹ እስኪያልቅ አይደለም።

ስንቁስ? ፈረንጁ "ጨው ያለው መክሰስ ያዙ" ሲል በውድ የሚገዛው ነገር አለው። ውሃ ብቻ መጠጣት ጨውን አጥቦ ሌላ በሽታ ያመጣልና። እኛ ጨው ነስነስ ያለበት ገብስ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጠርን። ጉዞ ላይ ዳቦ ቆሎን የሚያክል ነገር አለ? አይበላሽም፣ አይቀልጥም፣ ልጅ ሲነጫነጭ አፉን ይይዛል። ቸኮሌት የያዙት ሰዎች እጃቸውን ሲልሱ አየናቸው። ማበጠሪያም ያዝን። ለቁንጅና አይደለም! እዚያ በረሃ ውስጥ "ቾያ" የሚባል ቁልቋል መሰል ተክል አለ፤ ገና ስትነኩት ቁራጩ ተገንጥሎ የሚሰካ። በእጅ ከነካችሁት እጃችሁም ይያዛል፤ ማበጠሪያ ከሥሩ ሰክቶ ፈንጠር ማድረግ ነው መላው። (በነገራችን ላይ የኛ በለስ ዘሩ የመጣው ከዚያው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ጋሼ አላመነኝም፤ ተወራርደን በላሁት።)

ወርደን የሄድነው ብራይት ኤንጅል በሚባለው መንገድ ነው፤ ከላይ እስከ መጀመሪያዋ የድንጋይ ዋሻ ብቻ። ጥቂት መቶ ሜትር ናት። ልጁ ዋሻዋን አልፎ ሊሮጥ ሲል ማን ያዘው መሰላችሁ? ጋሼ! "በቃ፣ እዚህ ነው የምንመለሰው" አለው። "አባዬ ትንሽ ብቻ! አልደከመኝም!" "ያልደከመህ ገና ስላልወጣኸው ነው።" እህቴ ፊቷን አዞረች፤ ሳቋን እንዳያይባት።

ቀሪውን ቀን አፋፉ ላይ ነው ያሳለፍነው። እንደውም ከመውረዱ ይልቅ ልጆቹ የወደዱት ይህን ነው። አንድ የተነጠፈ ሜዳማ መንገድ አለ፣ "የጊዜ ጎዳና" የሚሉት፤ እያንዳንዷ ሜትር የአንድ ሚሊዮን ዓመት ምሳሌ ናት። በየመንገዱ ከገደሉ ውስጥ የወጡ ድንጋዮች በየዕድሜያቸው ተቀምጠዋል፤ ልጆች ይነካሉ፣ ይደገፋሉ፣ ማንም አይቆጣም። ልጁ የአባቱን እጅ ይዞ "አንድ ሚሊዮን፣ ሁለት ሚሊዮን" እያለ ይቆጥር ጀመር። ጋሼ በአንድ እርምጃ የሰው ልጅ ታሪክ ሁሉ ማለቁ በጣም አስገረመው። እኔ ደግሞ የገረመኝ ሌላ ነው፤ አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው መቶ ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሄዱ አንዴም ስልክ አለመነካቱ።

ፓርኩ ለልጆች በነጻ የሚሰጠው መጽሔት ቢጤ አለ። ሥዕል ይሥላሉ፣ እንስሳ ይቆጥራሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ። ሲጨርሱ ባርኔጣ ያደረገችው ጠባቂ ቀኝ እጃቸውን አስነስታ ታስምላቸውና "ትንሽ ጠባቂ" ብላ ባጅ ትሰጣቸዋለች። ወንዱ ልጅ ባጁን ካደረገ በኋላ ሰው አልቀመሰውም። ለአባቱ "ውሃ ጠጣ"፣ ለእኔ "ከገደሉ ራቂ፣ አክስቴ"፣ ለእናቱ "ቆሻሻ አትጣዪ"። ትንሿ ባጅ አንሶባት አለቀሰች፤ ሌላ ተሰጣት።

እህቴ በመመለሻው መንገድ ላይ አንቴሎፕ ካንየንን ማየት አምሯት ነበር፤ ያ በየካላንደሩ የሚወጣው ብርሃን የሚገባበት ጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ። አዘዋውረነው ቀረን፤ ልጆቹ ደክመዋል። ስለሱ ግን አንድ ነገር ማወቅ ደግ ነው። በ1997 ነሐሴ ላይ 11 ጎብኚዎች እዚያ ውስጥ በደራሽ ውሃ አልቀዋል። እነሱ ያሉበት ቦታ ጎርፍ የሚያመጣ ዝናብ አልነበረም፤ የዘነበው ራቅ ያለ ቦታ ነው። ድሬዳዋ ላይ በ2006 ደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ስንቱን እንደወሰደ ለሚያስታውስ ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ ደረቅ ወንዝ የሚሞላው ከደጋው ነው። ዛሬ አንቴሎፕ የሚገባው ከናቫሆ አስጎብኚ ጋር ብቻ ነው።

ወደ ቬጋስ ስንመለስ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ላይ እርስ በርስ ተደጋግፈው ተኙ። ከሩቅ የከተማው መብራት መታየት ሲጀምር ጋሼ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና በለሆሳስ፦

"በሚቀጥለው ዛየን እንሂድ እንዴ? ዩታ ነው፣ ወንዝ ለወንዝ የሚኬድ የተነጠፈ መንገድ አለው አሉ፣ ለልጅ ይመቻል።"

"በጥቅምት" አለች እህቴ።

"ሰኔ ላይ ዕረፍት አለኝ እኮ።"

"በጥቅምት።"